የተፋቀው ኳስና ቅጣቱ

ክሪኬት የሚባለው የእንግሊዞች ጨዋታ በአገራችን እንደ እግር ኳስ የታወቀ አይደለም። እኛም ብንሆን ከሩቅ ሁነን ከመከታተል በቀር የጨዋታውን ዱላ ጨብጠን ከሜዳ የገባንበት ቀን ስለሌለ አዋቂዎች ነን ብለን አንመጻደቅም። ይሁን እንጂ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ሲነሣ ሲወድቅ የኖረ አንድ የዳኝነት ጉዳይ አለ። ጥፋቱ በዓይን የማይሞላ፥ መዘዙ ግን እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሮች ጽሕፈት ቤት የሚደርስ ነው፤ ይኸውም ኳሱን በድብቅ ማበላሸት ነው። ሕግ የሚማሩ ተማሪዎችና በቅርቡ የመንግሥት ሥራ የያዙ ወጣቶች ስለ ክሪኬት ምንም ባያውቁ እንኳ፥ ማስረጃ ሲጎድል እንዴት እንደሚፈረድ፥ አለቃና ታዛዥ አብረው ሲያጠፉም ቅጣቱ እንዴት እንደሚከፋፈል የሚያሳይ ነገር ስላገኘንበት በዛሬው ገጻችን ልናቀርበው ወደናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ነገሩ እንዲገባን አስቀድመን ስለ ኳሱ ጥቂት እንበል። በክሪኬት በአንድ ወገን አሥራ አንድ ሰዎች ይሰለፋሉ። ከአንደኛው ወገን የወጣው ወርዋሪ፥ ሃያ ሜትር ያህል ርቆ በሦስት ችካሎች ፊት ለቆመው መቺ ኳሱን ይወረውራል፤ መቺው ችካሎቹን ከመጠበቁም በላይ ኳሱን እየመታ በሩጫ ነጥብ ያገኛል። ኳሱ ውስጡ ቡሽ ሁኖ በክር የተጠቀለለ፥ በላዩ ደግሞ ቀይ ቆዳ የለበሰ ነው። ክብደቱ ከ156 እስከ 163 ግራም ሲሆን በወገቡ ዙሪያ ጎላ ብሎ የሚታይ ስፌት አለው። ታዲያ ቴስት በሚባለው አምስት ቀን በሚፈጀው ታላቅ ግጥሚያ ላይ ይህ ኳስ በየጊዜው አይለወጥም። ወርዋሪው ወገን አዲስ ኳስ ለመጠየቅ የሚችለው በአሮጌው 480 ጊዜ ያህል ከወረወረ በኋላ ነው። ስለዚህ ኳሱ በመሬትና በዱላ ሲደበደብ ውሎ ያረጃል፤ ቆዳው ይሻክራል፤ ስፌቱም ይረግባል። የጨዋታው ብልኀት ያለው እንግዲህ በዚህ እርጅና ላይ ነው።

ወርዋሪዎቹ የኳሱን አንዱን ጎን በላብ እያራሱ በሱሪያቸው ላይ ይወለውሉታል። በነጭ ሱሪያቸው ጭን ላይ የሚታየው ቀይ እድፍ ከዚህ የመጣ ነው። ሁለተኛውን ጎን ግን እንዲሻክር ይተዉታል። ኳሱ በሚሄድበት ጊዜ ነፋሱ በለስላሳውና በሻካራው ጎን እኩል አያልፍም፤ በሻካራው በኩል ተጣብቆ ይቆያል፥ በለስላሳው በኩል ቶሎ ይለያል። በዚህ ምክንያት ኳሱ በአየር ላይ እንዳለ ወደ ሻካራው ጎን ይታጠፋል። ይህ የተለመደው መታጠፍ ነው። ነገር ግን ኳሱ በጣም ሲያረጅና ወርዋሪው ፈጣን ሲሆን ነገሩ ይገለበጥና ወደ ለስላሳው ጎን ይታጠፋል። የፓኪስታኑ ሳርፍራዝ ናዋዝ ይህን ጥበብ ለኢምራን ካን፥ ኢምራን ካንም ለዋሲም አክራምና ለዋቃር ዩኒስ እንዳስተላለፉት ይነገራል። መቺው ኳሱን ለማየት ያለው ጊዜ ግማሽ ሰኮንድ ያህል ስለሆነ፥ በመጨረሻው ቅጽበት የሚታጠፍ ኳስ ምን ያህል እንደሚያስጨንቀው መገመት አያስቸግርም።

በትዕግሥትና በላብ የሚገኘውን ይህን ጥቅም በአንድ ቆርኪ ወይም በጥፍር በጥቂት ደቂቃ ለማግኘት መሻት ከዚህ ይመጣል።

የክሪኬትን ሕግ የሚያወጣው በለንደን የሚገኘው የሜሪልቦን የክሪኬት ክለብ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ሦስት ነገር ብቻ ነው። ምንም ዓይነት ባዕድ ነገር ሳይጨምሩና ጊዜ ሳያባክኑ ኳሱን መወልወል፥ ዳኛው እያየ ጭቃ ማስለቀቅ፥ የረጠበውንም ዳኛው በፈቀደው ጨርቅ ማድረቅ ናቸው። ከዚህ በቀር ኳሱን መፋቅ፥ ስፌቱን ማንሣት፥ ቅባት መቀባት ክልክል ነው። ዳኞቹም ሰዓቱ ሳይታወቅ ደጋግመው ኳሱን ተቀብለው መመርመር አለባቸው። ተበላሽቷል ብለው ካመኑ ለተቃራኒው ወገን 5 ነጥብ ይሰጣሉ፤ ኳሱም ሊለወጥ ይችላል። አንድ ቡድን በአንድ ቀን ሦስት መቶ ነጥብ ሊያገባ በሚችልበት ጨዋታ 5 ነጥብ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ቅጣቱ የሚያመው በሜዳ ሙሉ ሕዝብ ፊት አታላይ ተብሎ መጠራቱ ነው።

ይህን ሕመም በጣም የቀመሰው በ1994 የእንግሊዝ ቡድን አምበል የነበረው ማይክል አተርተን ነው። ደቡብ አፍሪካ በዘር መድልዎ ምክንያት ተገልላ ከቆየች በኋላ ሎርድስ ከሚባለው የለንደን ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተመለሰችበት ግጥሚያ ነበር። አተርተን እጁን ከኪሱ እያወጣ ኳሱን ሲነካ በቴሌቪዥን ታየ። የግጥሚያው የበላይ ተቆጣጣሪ ፒተር በርጅ ጠርተው በጠየቁት ጊዜ ስለ ኪሱ ነገር ሙሉውን አልነገራቸውም። ኋላ ግን በኪሱ ደረቅ አፈር እንደ ነበረና እጁን ለማድረቅ እንደ ተጠቀመበት ገለጠ። ኳሱን አበላሽቷል የሚል ፍርድ አልተፈረደበትም። የቡድኑ ኃላፊ ሬይ ኢሊንግዎርዝ ግን 2,000 ፓውንድ አስከፈሉት፤ እኩሌታው ስለ አፈሩ ሲሆን እኩሌታው እውነቱን አጉድሎ ስለ መናገሩ ነው። ይህን አከፋፈል እኛ እጅግ ወደነዋል። የኪስ አፈርና የአፍ ቃል በአንድ ሚዛን ተመዝነው እኩል ሲወጡ ያየነው በዚህ ብቻ ነው።

አንዳንዶች ደግሞ ሳይያዙ ቀርተው ራሳቸው ተናዘዋል። የኒውዚላንዱ ክሪስ ፕሪንግል በ1990 በፋይሳላባድ ከፓኪስታን ጋር ሲጋጠሙ ኳሱን በቆርኪ ፍቆ በአንድ ዙር ሰባት መቺዎችን አስወጣ፤ ይህንም ኋላ በራሱ አንደበት ተናገረ። ኋላ የፓኪስታን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ኢምራን ካንም በ1981 በእንግሊዝ አገር በአንድ የአውራጃ ግጥሚያ ላይ ቆርኪ እንደ ተጠቀሙ በ1994 አምነዋል። እንግሊዛዊው ማርከስ ትሬስኮቲክ በበኩሉ በ2005 አውስትራሊያን ባሸነፉበት ዘመን የሚንት ከረሜላ እየመጠጠ በጣፋጭ ምራቁ ኳሱን ይወለውል እንደ ነበር በ2008 ባወጣው መጽሐፍ ጽፏል። ኑዛዜው ሁሉ የሚመጣው መቀጫው ከማይደርስበት ዘመን በኋላ መሆኑን ሳናስተውል አላለፍንም፤ መጽሐፉም በዚህ ምክንያት ሳይሸጥ አልቀረም።

ከረሜላው ለዳኞች ከቆርኪው ይልቅ አስቸጋሪ ነው። ቆርኪ ከኪስ ይገኛል፤ ስኳር ያለበትን ምራቅ ግን ከሌላው ምራቅ ማን ይለየዋል? በ2016 የደቡብ አፍሪካው አምበል ፋፍ ዱ ፕሌሲ በአፉ ከረሜላ እንዳለ በጣቱ ኳሱን ሲያሻሽ በቴሌቪዥን በመታየቱ የግጥሚያውን አበል በሙሉ ተቀጣ። ጥፋተኛ አይደለሁም ብሎ ይግባኝ ቢልም አልተሳካለትም። ይሁን እንጂ ስላልታገደ፥ በሚቀጥለው ግጥሚያ በአደሌድ ከተማ ሕዝቡ እየጮኸበት 118 ነጥብ አገባ።

አሁን በማስረጃ ጉድለት ምክንያት እጅግ ወደ ተበላሸው ጉዳይ እንመለስ። ኦገስት 20 ቀን 2006 በለንደን ኦቫል በሚባለው ሜዳ ፓኪስታን እንግሊዝን ለማሸነፍ ተቃርባ ነበር። ዳኞቹ አውስትራሊያዊው ዳሬል ሄርና የምዕራብ ኢንዲስ ሰው ቢሊ ዶክትሮቭ ኳሱን ተመለከቱና ተበላሽቷል ብለው ለእንግሊዝ 5 ነጥብ ሰጡ። ማን እንዳበላሸው ግን አልተናገሩም፤ በሜዳው ዙሪያ ከነበሩት ብዙ የቴሌቪዥን ካሜራዎች አንዱም ጥፋተኛ አላሳየም። የፓኪስታን ወርዋሪዎች ከ1992 ጀምሮ በእንግሊዝ ጋዜጦች አታላዮች እየተባሉ ስለ ኖሩ፥ ነገሩ ለእነርሱ የ5 ነጥብ ጉዳይ ሳይሆን የክብር ጉዳይ ሆነባቸው። አምበሉ ኢንዛማም ኡል ሐቅ ሰዎቹን ይዞ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ከመልበሻው ክፍል አልወጣም አለ። ዳኞቹ ወደ ሜዳ ወጡ፥ ተመለሱ፥ እንደገና ወጡ፤ በመጨረሻም በችካሎቹ ላይ የሚጋደሙትን ትናንሽ እንጨቶች አንሥተው ጨዋታው አበቃ፥ እንግሊዝ አሸንፋለች አሉ። ጥቂት ቆይቶ የፓኪስታን ቡድን ቢወጣም ዳኞቹ ፍርዳቸውን አላጠፉም። በ129 ዓመት የቴስት ታሪክ ውስጥ አንድ ቡድን በእንዲህ ያለ ምክንያት ጨዋታ ሲቀማ ይህ የመጀመሪያው ነበር።

በሚቀጥለው ወር ጉዳዩን የሰሙት የስሪላንካው ራንጃን ማዱጋሌ ኳሱን ራሱን ከፊታቸው አስቀምጠው መረመሩ። በላዩ ያለው ጭረት በጨዋታው ምክንያት የመጣ ሊሆን ይችላል፥ ስለዚህ የማበላሸቱ ክስ አልተረጋገጠም ብለው ኢንዛማምን ነጻ ለቀቁት። ነገር ግን ሜዳ አልወጣም በማለቱ የጨዋታውን ስም አጉድፏል ሲሉ ለአራት የአንድ ቀን ግጥሚያዎች አገዱት። እንግዲህ ላልሠራው ጥፋት የተቆጣ ሰው በቁጣው ተቀጣ ማለት ነው። ይህ ፍርድ ብዙዎችን ቢያስቀይምም፥ በእኛ አስተያየት ሁለቱን ነገር ለይቶ የመዘነ በመሆኑ ትክክል ነው። ዳኛ ተሳስቷል ብሎ ይግባኝ ማለት የአባት ነው፤ ሜዳውን ጥሎ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው።

ዳኛው ሄርም በበኩላቸው ሳይጎዱ አልቀሩም። በግማሽ ሚሊዮን ዶላር ካሣ ሥራቸውን ለመልቀቅ ሐሳብ ማቅረባቸው በዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ለሕዝብ ተገለጠባቸው፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበርም ከትልልቅ ግጥሚያዎች ዳኝነት ተወገዱ፤ በ2008 ከተመለሱ በኋላ ወዲያው ተሰናበቱ። ምክር ቤቱ ራሱ ደግሞ በ2008 የግጥሚያውን ውጤት እኩል ለእኩል ብሎ ለወጠና፥ የሕጉ ባለቤት የሆነው የሜሪልቦን ክለብ ስለ ተቃወመ በ2009 ወደ ነበረበት መለሰው። አንድ ውጤት በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ መገልበጡ ነው።

የበላይ ተቆጣጣሪዎችም ቢሆኑ ከዚህ ዓይነቱ መዓት አላመለጡም። በ2001 ማይክ ዴነስ በደቡብ አፍሪካ የህንዱን ታላቅ መቺ ሳቺን ቴንዱልካርን፥ ለዳኛ ሳይነግር ከኳሱ ስፌት ሣር አስለቅቋል ብለው የአንድ ግጥሚያ ገደብ ያለበት እገዳ ቢፈርዱበት ህንድ በሙሉ ተነሣ። የሁለቱ አገሮች ማኅበራት ዴነስን ከሚቀጥለው ግጥሚያ ስላስወጡ፥ ምክር ቤቱ ግጥሚያውን ከቴስት መዝገብ ሰረዘው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ማርች 24 ቀን 2018 በኬፕታውን አውስትራሊያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ትጫወት ነበር። ካሜሮን ባንክሮፍት የሚባለው የ25 ዓመት ወጣት፥ ገና ስምንተኛ ቴስቱን የሚጫወት ሰው፥ ቢጫ ነገር በእጁ ይዞ ኳሱን ሲፍቅ፥ ጥቂት ቆይቶም ያንኑ ነገር በሱሪው ውስጥ ሲደብቅ የቴሌቪዥን ካሜራ ያዘው። ሥዕሉ በሜዳው ትልቅ ሠሌዳ ላይ ታየ። ዳኞቹ ጠርተው ሲጠይቁት ከኪሱ የመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ አውጥቶ አሳያቸው። ኳሱን ቢመረምሩትም የተለወጠ ነገር ስላላገኙበት የ5 ነጥብ ቅጣት እንኳ ሳይፈርዱ ጨዋታው ቀጠለ። ኳሱ ከሁሉ በላይ በታየበት ቀን ኳሱን በሚመለከተው ሕግ የተቀጣ ሰው አለመኖሩን ልብ ይሏል።

በዚያው ማታ ባንክሮፍትና አምበሉ ስቲቭ ስሚዝ ለጋዜጠኞች ቀረቡ። ባንክሮፍት ቢጫው ነገር አፈር የተጣበቀበት ፕላስተር ነው አለ። ስሚዝም የቡድኑ መሪዎች ያውቁ እንደ ነበር ገለጠ። ጥቂት ቀናት ሳያልፉ ፕላስተር የተባለው አናጢዎች የሚሠሩበት የብርጭቆ ወረቀት ሁኖ ተገኘ። የአውስትራሊያው ጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል ነገሩ እጅግ እንዳሳዘናቸው ተናገሩ፤ አንድ ትልቅ ኩባንያም ለጨዋታው የሚሰጠውን ድጋፍ አቋረጠ። ቡድኑ በ322 ነጥብ ልዩነት ተሸነፈ፤ በዚህ ላይ እንኳ ብልጠቱ አልጠቀመውም።

የዓለም አቀፉ ምክር ቤት በወቅቱ በነበረው ደንብ ለስሚዝ የአንድ ግጥሚያ እገዳና ሙሉ አበሉን፥ ለባንክሮፍት ደግሞ ከአበሉ ሦስት አራተኛውን ቅጣት ፈረደ። የአውስትራሊያ የክሪኬት ማኅበር ግን በራሱ የሥነ ምግባር ደንብ ስሚዝንና ምክትሉን ዴቪድ ዋርነርን ለ12 ወር፥ ባንክሮፍትን ለ9 ወር አገዳቸው። በማኅበሩ ምርመራ መሠረት ዕቅዱን ያወጣውና ወጣቱን እንዲፍቅ ያዘዘው፥ አፋፋቁንም ያሳየው ዋርነር ነው። ስሚዝ ነገሩን እየሰማ አላስቆመም። ባንክሮፍት ፈጸመ። ስሚዝ እገዳው ካበቃ በኋላ አንድ ዓመት እስኪሞላው አምበል እንዳይሆን፥ ዋርነር ግን እስከ መጨረሻው መሪ እንዳይሆን ተወሰነ። ስሚዝ ሲድኒ ከአየር ጣቢያ ሲደርስ በጋዜጠኞች ፊት አለቀሰ፤ አሠልጣኙ ዳረን ሌማንም ምንም ሳያውቁ በኃላፊነታቸው ብቻ ሥራቸውን ለቀቁ። ሦስቱ ተጫዋቾች ይግባኝ አላሉም።

ስለዚህ ፍርድ ከወዳጆቻችን ጋር ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ፥ ሌሎች አገሮች በአበል ቅጣት የሚያልፉትን ነገር በዓመት እገዳ መቅጣት የሕዝቡን ቁጣ ለማብረድ ካልሆነ በቀር ፍርድ አይባልም ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ማኅበሩ የቀጣው ጭረቱን ሳይሆን ዕቅዱን፥ መደበቁንና በሕዝብ ፊት የተነገረውን ሐሰት ነው። እኛን ያላረካን ሌላ ነገር ነው። ለታላላቆቹ 12 ወር፥ ለታዘዘው ወጣት 9 ወር መሆኑ ልዩነቱን ሦስት ወር ብቻ አደረገው። በቡድኑ ውስጥ ቦታው ገና ያልጸና ሰው ምክትል አምበሉ ሲያዘው እንቢ ለማለት ምን ያህል ድፍረት እንደሚያስፈልገው በየመሥሪያ ቤቱ አዲስ ለገባ ሁሉ ግልጽ ነው። እርግጥ ነው፥ ታዝዤ ነው ማለት ነጻ አያወጣም፤ ነገር ግን ሚዛኑ ከዚህ ይልቅ ሊያጋድል ይገባው ነበር እንላለን። ባንክሮፍት ራሱ በኋላ ዕቅዱን አልቀበልም ሊል ይችል እንደ ነበርና በቡድኑ ለመወደድ ሲል እንደ ፈጸመው ተናግሯል።

ደግሞም ማኅበሩ ራሱ ከደሙ ንጹሕ አልነበረም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የወጣው የገለልተኞች ምርመራ፥ ማኅበሩ ዋጋውን ሳይቆጥር ለማሸነፍ ብቻ የሚሠራ እንደ ሆነ ስለ ገለጠ ሊቀ መንበሩ ዴቪድ ፒቨር ብዙም ሳይቆዩ ከሥልጣናቸው ወረዱ።

ከኬፕታውን በኋላ የመከላከሉ ሥራ ጠበቀ። ምክር ቤቱ በጁላይ 2018 ኳስ ማበላሸትን ወደ ሦስተኛው የጥፋት ደረጃ ከፍ አድርጎ፥ ቅጣቱ እስከ 6 ቴስት ወይም 12 የአንድ ቀን ግጥሚያ እገዳ እንዲደርስ አደረገ። በኖቬምበር 2019 የምዕራብ ኢንዲሱ ኒኮላስ ፑራን በህንድ አገር ኳሱን በጥፍሩ ሲቧጥጥ በካሜራ ታየ፤ ወዲያው አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፥ አራት ግጥሚያም ታገደ። በ2018 የስሪላንካው አምበል ዲኔሽ ቻንዲማል ከተመሳሳይ ክስ በኋላ ቡድኑን ይዞ ሁለት ሰዓት ያህል ሜዳ አልወጣም ብሎ ነበርና፥ የእርሱ ቅጣት ከኳሱ ይልቅ በእምቢታው በዛ።

የከረሜላውን ጥያቄ ደግሞ የፈታው ዳኛ ሳይሆን በሽታ ነው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ኳሱን በምራቅ መወልወል ተከለከለ። ተጫዋቾቹ ላብ ብቻ እየተጠቀሙ ሲታይ የኳሱ መታጠፍ ብዙ ስላልተለወጠ፥ የሜሪልቦን ክለብ በ2022 ክልከላውን በቋሚ ሕጉ ውስጥ አስገባው። ምራቅ ሁሉ ክልክል ሲሆን ስኳር አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር ቀረ። ነገር ግን የህንዱ ትልቅ ሊግ በ2025 ምራቅን መልሶ ስለ ፈቀደ፥ በዚያ ሜዳ ጥያቄው እንደገና ተከፍቷል።

ስሚዝ በ2019 ወደ እንግሊዝ አገር ተመልሶ በአራት ቴስት 774 ነጥብ አገባ፤ በዲሴምበር 2021ም ለአንድ ግጥሚያ ተተክቶ የአውስትራሊያ አምበል ሆነ። የዋርነር ጉዳይ ግን ዘገየ። የማኅበሩ ደንብ የዕድሜ ልክ ፍርድ እንደገና የሚታይበትን በር አልተወም ነበር። በሩ በ2022 ተከፈተ፤ ነገር ግን ጉዳዩ በአደባባይ ይሰማ በመባሉ ዋርነር ቤተሰቤ እንደገና አይፈተንም ብሎ ማመልከቻውን አነሣ። በኦክቶበር 2024 ሦስት ሰዎች ያሉበት ጉባኤ እገዳውን አነሣለት። በዚያን ጊዜ ዋርነር ለአገሩ መጫወቱን ካቆመ ወራት አልፈውት ነበር፤ የቀረለት በሲድኒ አንድ የከተማ ቡድን በአምበልነት መምራት ነበር፥ እርሱንም ተቀበለ።